ኪያይ አሕመድ ዳህላን፦ ጀመዓቸው ከእሳቸው በኋላም የቀጠለው ዓሊም



በየዓመቱ በምረቃ ሰሞን ጀመዓችን ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሥራውን ይዘው የነበሩት ተመርቀው ይሄዳሉ፤ የሚያውቁትም አብሯቸው ይሄዳል። አዲሱ ኮሚቴ መስከረም ላይ ቁጭ ብሎ፣ ለምን እንደተሰባሰብን ከዜሮ መነጋገር ይጀምራል። በዚህ እትም የአንድ ዓሊም ሕይወት ይዘን የመጣነው፣ ተመሳሳይ ስጋት ከመቶ ዓመት በፊት ተማሪዎች ስላነሱባቸው ነው።

ኪያይ አሕመድ ዳህላን (ረሒመሁላህ) በ1868 እ.ኤ.አ. በጃቫ ደሴት፣ በዮግያካርታ ከተማ፣ በታላቁ መስጂድ ዙሪያ ባለው የካውማን ሰፈር ተወለዱ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) «ኪያይ» በጃቫ ለዓሊም የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው፤ እኛ ሸይኽ እንደምንለው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሙሐመድ ዳርዊስ ነበር። አባታቸው የመስጂዱ ኸጢብ ነበሩ። በ15 ዓመታቸው ገደማ ለሐጅ ወደ መካ ሄደው ለአምስት ዓመት ያህል እዚያው ሲማሩ ቆዩ፤ ሲመለሱ ስማቸው አሕመድ ዳህላን ሆነ። በ1903 እንደገና ሄደው ከሸይኽ አሕመድ ኸጢብ አል-ሚናንግካባዊ ዘንድ ቀሩ። መተዳደሪያቸው የባቲክ ጨርቅ ንግድ ነበር።

በሁለቱ ጉዞዎች መካከል የሆነውን የቂብላ ጉዳይ የምህንድስና ተማሪዎች ይወዱታል ብለን እናስባለን። ታላቁ መስጂድ በቀጥታ ወደ ምዕራብ ዞሮ የተሠራ ነበር፤ ከዮግያካርታ ወደ ካዕባ ያለው አቅጣጫ ግን ከምዕራብ ወደ ሰሜን 25 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ዛሬ ማንም በካልኩሌተር ያወጣዋል። ያኔ ግን ይህን መናገር የአባቶችን ሶላት እንደማበላሸት ተቆጠረ። እሳቸው የራሳቸውን ትንሽ መስገጃ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ አዙረው ሲሠሩ፣ የከተማው ዋና የሃይማኖት ሹም አስፈረሱት። አዝነው ከተማውን ጥለው ሊሄዱ ተነሱ። ዘመድ ለምኖ መለሳቸው፤ መስገጃውም እንደገና ተሠራ። ስሌታቸው ትክክል ነበር፤ ግን ብቻቸውን ነበሩ። እኛ ከዚህ ታሪክ የምንይዘው ይህንን ነው።

በ1911 በቤታቸው ውስጥ መድረሳ ከፈቱ። ዲኑን ከዘመናዊው ትምህርት ጋር፣ በአግዳሚ ወንበርና በጥቁር ሰሌዳ ማስተማር ጀመሩ። የሆላንድ ቅኝ ገዥዎችን ትምህርት ቤት ስለሚመስል ካፊር ያሏቸው ነበሩ። ግማሽ ቀን መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ግማሽ ቀን መድረሳ እየተመላለስን ላደግነው ልጆች ወንበር ኩፍር መባሉ ያስቀናል፤ ለእሳቸው ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ከሚያስተምሯቸው መካከል የመንግሥት መምህራን ማሠልጠኛ ተማሪዎች ነበሩ። ወደ ቤታቸው እየመጡ መድረሳውን ሲያዩ አንድ ነገር አሳሰባቸው፤ ሥራው ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው፣ እሳቸው ቢሞቱ ይዘጋል። ማኅበር ይቋቋምና ማኅበሩ ይምራው አሉ። ኪያይም የተማሪዎቹን ምክር ተቀበሉ። ኅዳር 18 ቀን 1912፣ ማለትም 8 ዙልሒጃ 1330፣ ሙሐመዲያ ተመሠረተ፤ የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ተከታዮች ለማለት ነው።

የመተዳደሪያ ደንቡ ዓላማ ሁለት ነጥብ ብቻ ነበር፦ የነቢዩን ትምህርት በአገሬው ሕዝብ ዘንድ ማስፋፋት፣ በአባላቱ ዘንድ ደግሞ ዲኑን ማጠናከር። ከሁለቱ በአንዱም የእሳቸው ስም የለም። የእኛ ጀመዓ ባለፈው ያረቀቀው ዓላማ ገጽ ተኩል ነበር፤ ሁለተኛ ያነበበው ሰው ያለ አይመስለንም። ማመልከቻው ግን በቀላሉ አላለፈም። ጃቫንና ማዱራን በሙሉ ለማካተት ፈልገው ነበር፤ መንግሥት ፈቃዱን በነሐሴ 1914 ሲሰጥ ለዮግያካርታ አካባቢ ብቻ አደረገው። በሌሎች ከተሞች የነበሩ ደጋፊዎች በሌላ ስም ተደራጁ። በ1921 ፈቃዱ ለመላው የሆላንድ ኢንዲስ ሰፋ።

የተጻፈ ዓላማ ወረቀት ላይ እንዳይቀር ያደረጉት ምን እንደሆነ የሱረቱል ማዑን ታሪክ ያሳያል። ያንኑ ሱራ ለደረሶቻቸው ደጋግመው አስተማሩ። ደረሶቹ ሰለቹና፣ ከሐፈዝነው ቆይቷል፣ ለምን ወደሚቀጥለው አንሄድም ብለው ጠየቁ። እሳቸውም ሠርታችሁበታል ወይ ብለው መልሰው ጠየቋቸው። ከዚያ የቲሞችንና ሚስኪኖችን ፈልገው እንዲያመጡ፣ ሳሙና፣ ልብስና ምግብ እንዲሰጧቸው ላኳቸው። የመምህራን ደመወዝ በጎደለ ጊዜ ደግሞ የቤት ዕቃቸውን ለጨረታ አወጡ፤ ሰዎቹ ገንዘቡን ከፍለው ዕቃውን ትተውላቸው እንደሄዱ ይተረካል።

በ1917 የሴቶቹ ክንፍ ዓኢሺያ ተመሠረተ፤ ባለቤታቸው ሲቲ ዋሊዳህም መሩት። እህቶቻችን ይህን ታሪክ ለብቻው ቢጽፉልን ደስ ይለናል፤ እዚህ ቦታው አይበቃም።

በ1920 በአንድ የአባላት ስብሰባ ላይ ኪያይ ሱጃዕ የተባሉ ደረሳቸው ተነስተው ሆስፒታል፣ የድሆችና የየቲሞች ቤት እንሠራለን ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። የሳቁት ጠላቶች አልነበሩም፣ የራሳቸው አባላት ናቸው። ሱጃዕ ግን ነገሩን ወደዚያው ወደ ማዑን መለሱት፤ ኪያይ ዳህላንም ደገፏቸው። የካቲት 15 ቀን 1923 የመጀመሪያው ክሊኒክ በዮግያካርታ ተከፈተ።

ከስምንት ቀን በኋላ፣ የካቲት 23፣ ኪያይ አሕመድ ዳህላን ወደ አኼራ ሄዱ። አመራሩን የባለቤታቸው ወንድም ኪያይ ኢብራሂም ተረከቡ። ተማሪዎቹ ይዘጋል ብለው የሰጉለት ሥራ ዛሬ ከ100 በላይ ሆስፒታሎችና ከ150 በላይ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች አሉት።