ፍሬድሪክ ዊንስሎው ቴይለር፦ የመቁረጫ ስለትን ከሙቀት የታደጉ መሐንዲስ

ፍሬድሪክ ዊንስሎው ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1856 በአሜሪካ፣ ፊላዴልፊያ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለዱ። በዓይን ሕመም ምክንያት ሃርቫርድ የመግባት ዕቅዳቸውን ትተው በፓምፕ ፋብሪካ የማሽን ሙያ ተማሩ። በ1878 በሚድቬል የአረብ ብረት ፋብሪካ በተራ ሠራተኛነት ተቀጥረው እስከ ዋና መሐንዲስነት ደረሱ።

ቴይለር በ1880 የጀመሩት የብረት ቆረጣ ምርምር 26 ዓመታት ፈጅቷል። ከ30,000 በላይ ሙከራዎች ተመዝግበዋል፤ ከ800,000 ፓውንድ በላይ ብረትም ተፍቋል። ዓላማው የቶርኖ ባለሙያ በግምት ይወስነው የነበረውን የማሽን ፍጥነትና የቆረጣ ጥልቀት በስሌት መወሰን ነበር።

ስለትን ፈጥኖ የሚያደንዘው በቆረጣ ጊዜ የሚፈጠረው ሙቀት ነው። ቴይለር ፍቅፋቂው ከብረቱ በሚላቀቅበት ነጥብ ላይ ብዙ ውኃ በቀጥታ ሲፈስ፣ የቆረጣው ፍጥነት ከ30 እስከ 40 በመቶ ሊጨምር እንደሚችል አረጋገጡ። ፋብሪካው በ1884 ባሠራው አዲስ የማሽን ቤት፣ ዝገት የሚከላከል ሶዳ የተቀላቀለበት ውኃ ለየማሽኑ እንዲደርስ ተደረገ። አሠራሩ ከተፎካካሪዎች ባይደበቅም፣ ለረጅም ዓመታት የተከተሉት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ።

በኋላም በቤተልሔም የአረብ ብረት ኩባንያ ከማውንሰል ኋይት ጋር፣ ከፍተኛ ሙቀት የሚቋቋም የመቁረጫ ብረት አዘጋጅተው በ1900 በፓሪስ ዐውደ ርእይ አሳዩ። የሠራተኛውን ጊዜ በሰዓት መለካታቸው ግን ከባድ ተቃውሞ አስነሥቶ በአሜሪካ ምክር ቤት እስከ መመርመር ደርሷል። ቴይለር በ1915 ዐረፉ።

ሙቀቱን ከምንጩ የማጥፋት መርሕ ዛሬም ይሠራል። እንደ ታይታኒየም ያሉ ሙቀት በቀላሉ የማያስተላልፉ ብረቶች በፍሬዛ ሲቆረጡ ወይም ሲበሱ፣ በግፊት የታመቀ ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመሣሪያው ውስጥ ባለ ቀጭን ቀዳዳ እስከ ስለቱ ይደርሳል። እንደወጣም ተስፋፍቶ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ወደሚቀዘቅዝ በረዶና ጋዝ ይለወጣል። በረዶውም ወደ ጋዝነት ስለሚለወጥ ፍቅፋቂው ደረቅ ሆኖ ይቀራል፤ የሚወገድ ቆሻሻ ዘይትም ይቀንሳል። ሆኖም ጋዙ በዝግ ክፍል ሲከማች ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ፣ የማሽን ቤቱ በቂ አየር ማስወጫና የጋዝ መጠን መለኪያ ሊኖረው ይገባል።