የአንዲት ላም ዋጋ፤ ጿሚው ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ

ላስታ ሲባል ሁላችንም ቀድሞ የሚመጣልን ላሊበላ ነው። አሥራ አንዱ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት፣ የገና በዓል፣ ነጭ በነጭ ለብሶ ቋጥኙ ላይ የሚሰለፈው ሕዝብ። ከከተማዋ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ሲሉ ግን ከገደል ሥር የተጠለለ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አለ። ይሄኛው ከዓለት አልተፈለፈለም፤ በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ በድንጋይ የተገነባ ነው። ከዋሻው ጣሪያ ላይ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ከሥሩ በዕድሜ ብዛት የጎደጎዱ የድንጋይ ገበታዎች ተደርድረው ጠብታውን ይቀበላሉ። ምእመናን ጠበል ነው ብለው ይጠጡታል፣ ይዳሰሱበታል። ቤተ ክርስቲያኑ የሚጠራው በአንድ ንጉሥ ስም ነው፤ ነአኩቶ ለአብ።

ስሙ ግዕዝ ነው፤ አብን እናመስግነው እንደማለት ነው። በዛጉዌ ነገሥታት መካከል ቤተ ክርስቲያን በቅድስና የምታስባቸው አራት ናቸው። ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ገብረ ማርያም የተባለው ሐርቤ፣ ላሊበላ እና ነአኩቶ ለአብ። የመጨረሻው ከአጎቱ ከላሊበላ ስም ጥላ ሥር ስለዋለ ብዙ ሰው ታሪኩን በደንብ አያውቀውም። እኛም ዛሬ የምናነሳው እሱን ነው። ምክንያቱም የጾምና የጸሎት ነገር ከሥልጣን ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚመስል ከዚህ ሰው ሕይወት የተሻለ የሚያሳይ ማግኘት ይከብዳል።

ነአኩቶ ለአብ የሐርቤ ልጅ ነው። ሐርቤ ደግሞ የላሊበላ ወንድምና ከእሱ ቀድሞ ዙፋኑን የያዘ ንጉሥ ነበር። በትውፊት እንደሚነገረው ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከበቡትና እናቱ የንግሥናው ምልክት ነው አለች። ይህ ወሬ የነጋሹን ወንድም እንቅልፍ ነሳው። ላሊበላም መከራ በዛበት፤ መርዝ ጠጣ፣ በረሃ ገባ፣ በወንድሙ ትእዛዝ እስከ መገረፍ ደረሰ። ኋላ ግን ወንድማማቾቹ ታረቁ፤ ሐርቤም በገዛ ፈቃዱ ዙፋኑን ለቀቀለት ይባላል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ላሊበላ ያስገረፈውን ወንድሙን ልጅ ነው እንደ ገዛ ልጁ ያሳደገው። ባለቤቱ መስቀል ክብራም ለልጁ እናት ሆነችው። ላሊበላና መስቀል ክብራ ይትባረክ የሚባል ልጅ ነበራቸው። የወንድምን ልጅ ከራስ ልጅ እኩል አቅፎ ማሳደግ፣ ያውም ዙፋን መሐል ባለበት ቤት፣ ቀላል ነገር አይደለም። ነአኩቶ ለአብ ያደገው እንዲህ ባለ ቤት ነው። በልጅነቱ ያየው ንጉሥ በገድሉ ጿሚና ተሐራሚ ተብሎ የሚነገርለት፣ ካህንም ንጉሥም የነበረ ሰው ነው። ያያት ንግሥት ደግሞ ዛሬም ቤተ አባ ሊባኖስን በመላእክት እርዳታ በአንዲት ሌሊት አሳነፀች የምትባለው መስቀል ክብራ ናት። በዚያ ቤት ጾም ከልጅነት የሚለመድ የቤት ወግ ነበረ ማለት ነው።

ከዚያ ነው የላሟ ታሪክ የሚመጣው።

የላስታ ትውፊት እንዲህ ይተርካል። ነአኩቶ ለአብ ለአቅመ ንግሥና ሲደርስ መስቀል ክብራ ባሏን መከረችው። አንተ በቃህ፣ ልጃችንን አንግሠውና አንተ ወደ ጸሎትህ ተመለስ የሚል ምክር ነበር። ላሊበላም ሰማት። በሕይወት እያለ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ አስረክቦ ዘወር አለ። አዲሱ ንጉሥ 18 ወር ገዛ። በዚህ መሐል የንጉሡ ወታደሮች ለቤተ መንግሥቱ ማዕድ የሚሆን ሥጋ ፍለጋ ወጡና አንድ ድሃ ገበሬ ቤት ደረሱ። ገበሬው ያለችው አንዲት ላም ናት። እሷኑ ነድተው ወሰዱና ለንጉሡ ራት አረዷት።

ይህን የሰማችው መስቀል ክብራ ለልጇ አላደላችም። ራሷ ያስነገሠችውን ሰው ራሷ አስወረደችው። ባሏን ለምና ላሊበላ ዳግመኛ ዙፋኑ ላይ እንዲቀመጥ አደረገች።

መቼም ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚሰማው አንዲት ላም መንግሥት ታስለውጣለች ወይ ያሰኛል። ላስታን የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። አገሩ ደጋና ገደላገደል ነው፤ ላሊበላ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የእርሻ መሬቱ ጠባብ፣ አፈሩ የተሸረሸረ፣ ዝናቡ የማይታመን ነው። እዚያ ላይ አንዲት ላም ማለት የልጆች ወተት ናት። የምትወልደው ወይፈን የነገ በሬ ነው፤ በሬ ከሌለ እርሻ የለም። ቅቤዋ ገበያ ወጥቶ ጨውና እህል ይሆናል፤ ኩበቷ ማገዶ ነው። ገበሬው ራሱ ሥጋዋን አስቦትም አያውቅም። ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ የነቢያትንና የፍልሰታን ጾም ሲጾም ወተቷንም አይቀምስም። ወታደሮቹ የወሰዱት የአንድ ቤተሰብን ሙሉ ኑሮ ነው።

ነገሩ የአንድ ቀን ስህተትም አልነበረም። ወታደር ከገበሬ ጓዳ መብላቱ በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየ በሽታ ነው። አፄ ምኒልክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሥራት የደነገጉት ወታደር ገበሬ ቤት እየገባ ማስቸገሩን ለማስቀረት ነበር። የላስታ ሰዎች ግን ከዚያ ስድስትና ሰባት መቶ ዓመት ቀደም ባለ ዘመን የሆነች የአንዲት ላም ነገር ሳይረሱ ለልጅ ልጅ አስተላልፈዋታል። ያውም እንደ ቅዱስ በሚያከብሩት ንጉሥ ታሪክ ውስጥ ሳይደብቁ አስቀምጠዋታል።

መጽሐፍ ቅዱስን ለሚያነብ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ነቢዩ ናታን ለዳዊት የነገረውን ምሳሌ ያስታውሷል። ብዙ መንጋ ያለው ባለጠጋ እንግዳ ሲመጣበት የድሃውን አንዲት በግ ወስዶ አረደ። ዳዊትም ጥፋቱ ሲገባው መሬት ላይ ተኝቶ ጾመ፣ አለቀሰ። በሌላ በኩል ደግሞ የኤልዛቤል ታሪክ አለ። የናቡቴን የወይን እርሻ ለባሏ ለመውሰድ የተጠቀመችበት ዘዴ ጾም ማወጅ ነበር። ጾም አውጃ፣ ሐሰተኛ ምስክር አቁማ፣ ባለ እርሻውን አስገደለች። ሁለት ንግሥቶች ናቸው። አንዷ ጾምን ለዘረፋ መሸፈኛ አደረገችው፤ የላስታዋ ግን ለአንድ ገበሬ ላም ስትል የገዛ ልጇን ዙፋን ወሰደች።

ከዚህ በኋላ ነአኩቶ ለአብ ምን አደረገ? ትውፊቱ ሸፈተ አይልም፤ ጦር ሰበቀም አይልም። ላሊበላ ቀሪ ዘመኑን ገዝቶ ሲያርፍ ዙፋኑ ተመልሶ ወደ እሱ መጣ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ንግሥናው 40 ዓመት ነው። በገድሉ የሚታወቀው ነአኩቶ ለአብም ይኼኛው ነው፤ በዋሻው ውስጥ የሚጾመውና የሚያለቅሰው ንጉሥ።

ዓርብ የስቅለት ቀን መታሰቢያ ስለሆነ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን ሙሉ ከጥቂት ሳምንታት በቀር ይጾማል። ለነአኩቶ ለአብ ግን ዓርብ ከመብል መከልከል ብቻ አልነበረም። ዓርብ በመጣ ቁጥር የጌታን ሕማም እያሰበ ከዋሻው ገብቶ ያለቅስ ነበር ይባላል። መራራ ነገር ይቀምስ፣ ጦር ዙሪያውን ተክሎ በመሐል ይሰግድ እንደነበርም ይተረካል፤ ጎንበስ ቀና ሲል ጦሩ ይወጋዋል። ፈጣሪም ይህን አይቶ ቃል ኪዳን ሰጠው። ደምህንና እንባህን ማፍሰስ ይብቃህ፣ ከእንግዲህ ስለ አንተ ይህ ዓለት ያለቅሳል የሚል ነው የቃል ኪዳኑ ይዘት። ያ ከጣሪያው ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ እንግዲህ ይህ ነው። ምእመናን ጠበሉን ሲቀበሉ የሚያስቡት ዓለቱ ለንጉሡ የሚያነባውን እንባ ነው።

ገድሉ ላሟንና የዓርብ እንባውን አያያይዝም። አንባቢ ግን ማያያዙ አይቀርም። በስሙ የተፈጸመ በደል ዙፋኑን ያሳጣው ወጣት ንጉሥ፣ ዙፋኑ ሲመለስለት ከሰው በላይ በራሱ ላይ የጨከነ ሆነ። ላሟን ነድቶ የወሰዳት እሱ አይደለም፤ ምናልባትም ራት ሲቀርብለት ከየት እንደመጣች አያውቅም ነበር። ግን ማዕዱ የእሱ ነበር። የገዢ ጾም ከተራ ሰው ጾም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ተራ ሰው ከገዛ ገበታው ላይ ይቀንሳል። ገዢ ግን ራሱ ሳይበላ እንኳ በስሙ የሚበሉ ብዙዎች አሉ። እሱ ቢጾምና እነሱ ካልጾሙ ገበሬው ምን ተጠቀመ? ነቢዩ ኢሳይያስም በ58ኛው ምዕራፍ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። እግዚአብሔር የሚመርጠው ጾም አንገት ደፍቶ ማቅ ከመልበስ በፊት የተጨቆነን መልቀቅ፣ ለተራበ ማካፈል ነው።

የታሪክ ምሁራን ነገሩን በሌላ ዓይን ያዩታል። በደብረ ሊባኖስ ዘሽመዛና የወርቅ ወንጌል ላይ የሰፈሩ የጉልት ሰነዶች ላሊበላ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1225 ገና ንጉሥ እንደነበረ ያሳያሉ። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት የላሊበላ ከዙፋን መውረድና መመለስ ትውፊቱ እንደሚለው በፍቅርና በስምምነት ብቻ የሆነ አልመሰላቸውም። ነአኩቶ ለአብ ለአጭር ጊዜ ሥልጣኑን በኃይል ይዞ እንደነበርና ይህ ትውፊት ያንን እንደሸፈነው ጽፈዋል፤ ያበቃውም በይትባረክ ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል፤ በቤተ መንግሥት ውስጥ የአጎትና የወንድም ልጅ ሽኩቻ አዲስ ነገር አይደለም። ይሁንና የላስታ ሰው ሽኩቻውን ሲያስታውስ ለማስታወሻ የመረጠው ሰይፍን አይደለም። አንድ ንጉሥ ለምን ይወርዳል ተብሎ ሲጠየቅ የድሃ ላም ስለበላ የሚል መልስ የሚሰጥ ሕዝብ ስለ ንግሥና ያለውን አመለካከት ቁልጭ አድርጎ ነው የተናገረው።

የነአኩቶ ለአብ ፍጻሜም በትውፊት የተከበበ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደ ሌላው ሰው ሞቶ አልተቀበረም፣ ተሰወረ ነው የሚባለው። ኅዳር 3 ቀንም ይታሰባል። የዛጉዌን ዘመን ያበቃው ይኩኖ አምላክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1270 ሲነግሥ፣ በአንዱ ትውፊት ዙፋኑን በሰላም የለቀቀው ነአኩቶ ለአብ ነው። በሌላው ደግሞ የመጨረሻው ንጉሥ ይትባረክ ሆኖ በጦርነት ተሸንፎ ጋይንት ውስጥ ተገደለ ይላል። የትኛውም ይሁን፣ ከላሊበላ በላይ ካለው ተራራ አናት ላይ ያለችው አሸተን ማርያምም በነአኩቶ ለአብ ስም ትነሳለች። ሰውየው በላስታ ተራሮች ላይ ከዋሻ እስከ ጫፍ ስሙን ትቶ አልፏል።

በዓሉ ኅዳር 3 መዋሉ ደግሞ የራሱ ትርጉም አለው። ከዚያ 12 ቀን በኋላ፣ ኅዳር 15፣ የነቢያት ጾም ይገባል። ሁዳዴም አለ፣ ፍልሰታም አለ። የዓመቱ ጾም ሁሉ ሲደመር ለካህናትና ለመነኮሳት 250 ቀን ያህል ይደርሳል ይባላል። የነቢያት ጾም በገና ዋዜማ ሲያበቃ ሺህ ምእመናን በእግር ተጉዘው ላሊበላ ይገባሉ፤ ታኅሣሥ 29 የጌታም የላሊበላም የልደት በዓል ነውና። የላስታ ገበሬም ጾሞ ያደረ እንግዳ ይቀበላል፣ እግር ያጥባል፣ ያለውን ያካፍላል።

ላስታ ግን ጾምና ረሃብ ጎን ለጎን የኖሩበት አገር መሆኑን መርሳት አይገባም። በ1977 ዓ.ም. ወሎ ያየውን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ጾም ያለን ነገር ወድዶ መተው ነው፤ ረሃብ ግን የሚተውት ማጣት ነው። ላሙን የተነጠቀ ሰው ዓርብን ቢጾም ምን ትቶ ጾመ ይባላል? ጾሙንም ጭምር ነው የወሰዱበት።

ዛሬ ንጉሥ የለም፤ በስማችን የሚቀርብ ማዕድ ግን ሁላችንም አለን። ጾም በገባ ቁጥር ምን እንበላለን፣ የቱ ምግብ ቤት የጾም በያይነቱ ይጣፍጣል የሚለውን እናወራለን። ቤት ውስጥ ያለችው ሠራተኛ በልታ አደረች ወይ፣ የቀን ሠራተኛው ደመወዝ በሰዓቱ ተከፈለው ወይ የሚለውን ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ከፍተኛ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጿሚም በፊርማው ሥር ምን እንደሚነጠቅ ካላየ የነአኩቶ ለአብን የመጀመሪያ 18 ወር እየደገመ ነው። ከሰው የተወሰደ ካለ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ላሚቱን ወደ ባለቤቷ መመለስ ይቀድማል።