የባሕረኛው የቶማስ ኮራም የሕይወት ታሪክ

ወላጅ ያጣውን ልጅ ከመንገድ ማንሣት የደግ ሰው ሥራ ነው። አንሥቶ ለወግ ለማዕረግ ማድረስ ግን ከደግነት በላይ ትዕግሥትና ጥንቃቄ ይጠይቃል። ይህን የሚያስረዳ የአንድ እንግሊዛዊ መርከበኛ ታሪክ ስላለ፣ በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሐፍ ለካህናትና ለምእመናን ልናቀርበው ወደድን። የዘመኑ ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቶማስ ኮራም በ1668 ዓ.ም. ገደማ በእንግሊዝ አገር ላይም ሪጂስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት፤ 11 ዓመት ሲሞላውም ወደ ባሕር ሥራ ተላከ። ከዚያም ከመርከብ ሠሪ ዘንድ ገብቶ ሙያውን ተማረ። ጎልማሳ በሆነ ጊዜ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በቦስተንና በቶንተን መርከብ ያሠራ ነበር። በ1700 ዓ.ም. ዩኒስ የምትባል የቦስተን ሴት አገባ፤ 40 ዓመት አብረው ሲኖሩ ልጅ አልወለዱም። በ1704 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ተመልሶ በለንደን ተቀመጠ።

ቤቱ በቴምዝ ወንዝ አጠገብ ነበረና፣ ማለዳ ወደ ከተማው መካከል ለንግድ ሲሄድ፣ ማታም ሲመለስ፣ በመንገድ ዳር የተጣሉ ሕፃናትን ያይ ነበር። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሞተው፣ ሌሎቹም ሊሞቱ ሲያጣጥሩ ያገኛቸዋል። እናቶቻቸው በድህነት ወይም በኀፍረት የጣሉአቸው ነበሩ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሕግ ድኻን የመርዳት ግዴታ የየአጥቢያው ነበረ፤ ነገር ግን በአጥቢያው ገንዘብ ለሞግዚት የሚሰጡት ሕፃናት አብዛኞቹ ሳያድጉ ይሞቱ ነበር። ግዴታው በሕግ ቢጻፍም፣ ይህ ልጅ ወዴት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረምና።

ኮራም ከ1722 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የተጣሉ ሕፃናት የሚያድጉበት ቤት እንዲቆም ከባለሥልጣን ወደ ባለሥልጣን እየዞረ ለመነ። ብዙዎች እንዲህ ያለው ቤት ኃጢአትን ያበዛል እያሉ መለሱት። እርሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ወንዶቹ እንቢ ባሉት ጊዜ ወደ ሴቶቹ ፊቱን አዞረ። በ1729 ዓ.ም. የሶመርሴት መስፍን ሚስት ሻርሎት በልመናው ጽሑፍ ላይ ፊርማዋን አኖረች፤ እርስዋን ተከትለው በጠቅላላው 21 ወይዛዝርት ፈረሙ። የእነርሱ ስም ባሎቻቸውንና ዘመዶቻቸውን ሳበ። ከ17 ዓመት ድካም በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1739 ዓ.ም. ንጉሥ ዳግማዊ ጆርጅ የፈቃዱን ደብዳቤ ሰጠ።

ቤቱም መጋቢት 25 ቀን 1741 ዓ.ም. ማታ በለንደን ሃተን ጋርደን በሚባል ሰፈር ተከፈተ። በዚያች ሌሊት 30 ሕፃናት ገቡና ቤቱ ሞላ። ልጅዋን ሰጥታ የምትሄደውም፣ ቦታ አጥታ ልጅዋን ይዛ የምትመለሰውም እናት እኩል ያለቅሱ ነበር። ፈላጊው ስለ በዛም በ1742 ዓ.ም. የዕጣ ሥርዓት ተደረገ። እናቲቱ እጅዋን ከከረጢት አግብታ ነጭ ድቡልቡል ካወጣች፣ ልጁም ጤነኛ ከሆነ ይገባል፤ ቀይ ካወጣች ትቈያለች፤ ጥቁር ካወጣች ልጅዋን ይዛ ትመለሳለች። የሚገባውም ሕፃን አዲስ ስም ይሰጠዋል፤ ከመጀመሪያዎቹ ልጆች አንዱ ቶማስ ኮራም፣ አንዲቱም ዩኒስ ኮራም ተብለው ተጠመቁ። እናት ልጅዋን ምናልባት ተመልሳ ብትወስደው መለያ እንዲሆናት የጨርቅ ቁራጭ ወይም ሌላ ምልክት ትተው ነበር። ከ1741 እስከ 1760 ዓ.ም. ከገቡት 16,282 ሕፃናት ተመልሰው የተወሰዱት 152 ብቻ ናቸው። የቀሩትም ልጆች እንዲህ ያለ ምልክት እንዳላቸው ሳይነገራቸው አደጉ።

የአስተዳደጉ ሥርዓት ግን ሊታሰብ የሚገባው ነው። ሕፃናቱ በከተማው ቤት ተከማችተው አይቀሩም ነበር፤ ደመወዝ ተቈርጦላቸው ለሚያጠቡ የገጠር ሴቶች ይሰጣሉ። በየአገሩም ያለ ደመወዝ የሚያገለግል ተቈጣጣሪ ይሾማል፤ እርሱም ልጁን በሞግዚቲቱ ቤት እየጐበኘ ስለ ጤናውና ስለ ልብሱ ወደ ለንደን ይጽፋል። ልጁ 5 ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ ለንደን ይመለስና ንባብና ሥራ ይማራል፤ የፈንጣጣ መከላከያም ይደረግለታል። በኋላም ወንዱ ለባሕር ወይም ለእጅ ሥራ፣ ሴቲቱም ለቤት ሥራ፣ ውል ተጽፎ ለአሠሪ ይሰጣሉ። የዚህ ሥርዓት ትልቁ ጉድለት ልጁ እናቴ የሚላትን ሞግዚት በ5 ዓመቱ ማጣቱ ነበር። አንድ ጊዜ እናቱን ያጣ ልጅ ሁለተኛ እናቱን ሲያጣ የሚሰማውን ኀዘን በዚያ ዘመን ያሰበበት ጥቂት ሰው ነው።

ለዚህ ቤት ብዙ ሰዎች ረዱ። ሠዓሊው ዊልያም ሆጋርት በ1740 ዓ.ም. የኮራምን መልክ ሥሎ በስጦታ አቀረበ። የዜማው ሊቅ ሄንደልም በ1750 ዓ.ም. መሲሕ የሚባለውን ድርሰቱን በቤቱ ጸሎት ቤት አሰምቶ ገቢውን ለሕፃናቱ አደረገ።

መሥራቹ ግን ከገዛ ሥራው ተገፋ። ስለ አስተዳደሩ ጉድለት ያለ ይሉኝታ ይናገር ነበርና በ1742 ዓ.ም. ከአስተዳዳሪዎቹ ጉባኤ ወጣ። ሚስቱም ቀደም ብላ በ1740 ዓ.ም. ሞታበት ነበር። ገንዘቡን ሁሉ ለሰው ስላዋለ በስተርጅናው ደኸየ፤ በ1749 ዓ.ም. ወዳጆቹ አዋጥተው የዓመት ጡረታ ቈረጡለት። እርሱ ግን ወደ ሕፃናቱ መሄዱን አልተወም፤ ለብዙዎቹም የክርስትና አባት ሆነ። መጋቢት 29 ቀን 1751 ዓ.ም. ዐረፈና እንደ ፈቃዱ በዚያው ጸሎት ቤት ተቀበረ።

እርሱ ከሞተ በኋላ የሆነው ነገር ለሁላችን ትምህርት ነው። በ1756 ዓ.ም. ፓርላማው ገንዘብ ሰጥቶ፣ የመጣ ሕፃን ሁሉ ያለ ዕጣ እንዲገባ አዘዘ። በአራት ዓመት ውስጥ ወደ 15,000 የሚጠጉ ሕፃናት ገቡ። በሩ ሰፋ፤ የሚያጠቡት ሴቶችና የሚጐበኙት ሰዎች ግን በዚያው ልክ አልበዙም። ስለዚህ ከሦስቱ ሁለቱ የሚያህሉት አለቁ፤ ትእዛዙም በ1760 ዓ.ም. ቀረ። ቸርነቱ እውነተኛ ነበረ፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ልጅ የሚጠየቅ ሰው ስላልነበረ ቸርነቱ ብቻውን ሕፃናቱን አላዳነም።

ቤቱ በ1926 ዓ.ም. ከለንደን ወጣ፤ ትምህርት ቤቱም በ1954 ዓ.ም. ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ልጆቹን በቤተ ሰብ መካከል ማሳደግ ተመረጠ፤ በኮራም ስም የሚጠራው የበጎ አድራጎት ድርጅትም እስከ ዛሬ በዚህ ሥራ ላይ ነው።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፣ ስለ ሙት ልጆች ማሳደጊያ ስንመክር ስንት ልጅ ገባ በማለት ብቻ አንርካ። ስሙን የሚያውቅለት ማን ነው? ሲታመም የሚደርስለት፣ አድጎ ከቤቱ ሲወጣም ወዴት ደረስህ የሚለው ማን ነው? ብለን ስለ እያንዳንዱ እንጠይቅ። የክርስትና አባትነትና የክርስትና እናትነት በጥምቀቱ ቀን የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ቶማስ ኮራም ሥልጣኑንና ገንዘቡን ካጣ በኋላ እንኳ ይህን አደራ አልተወምና።