የዶክተር አርማወር ሀንሰን ሕይወትና የአንዲት በሽተኛ አቤቱታ

በአዲስ አበባ፥ የሥጋ ደዌ በሽተኞች ሲታከሙበት በኖረው በአለርት ሆስፒታል አጠገብ፥ በአርማወር ሀንሰን ስም የሚጠራ የምርምር ተቋም አለ። የተመሠረተውም በ1970 በኖርዌይና በስዊድን ሰዎች ርዳታ ነው። ስሙን ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ ባለ ስሙ ምን መልካም ሥራ እንደ ሠሩና በምን እንደ ተሰናከሉ ግን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ታሪካቸውን በአጭሩ መጻፍ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጌርሃርድ አርማወር ሀንሰን ጁላይ 29 ቀን 1841 በኖርዌይ አገር በበርገን ከተማ ተወለዱ። በዚያ ዘመን ሥጋ ደዌ በምዕራብ ኖርዌይ ባላገር ላይ የከበደ መከራ ነበር። በ1856 መንግሥት የበሽተኞችን መዝገብ ባቆመ ጊዜ ከ2800 የሚበልጡ ሰዎች ተመዘገቡ፤ የሚበዙትም ድኾች ነበሩ። ታላላቆቹ ሐኪሞች በሽታው በዘር የሚወርድ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። እንዲህ ያለው ትምህርት የሚያሸክመውን ቀንበር እኛም እናውቀዋለን። በአገራችን በዘራቸው አለ በመባል ብቻ ስንት ደኅና ልጆች ጋብቻ ተከለከሉ!

ሀንሰን በ1866 የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው በ1868 ወደ በርገን ተመለሱ፤ በዚያም በስመ ጥሩው በዶክተር ዳንየልሰን ሥር ማገልገል ጀመሩ። ዳንየልሰን የዘርን ትምህርት አጥብቀው የያዙ ሰው ነበሩ፤ ኋላም የሀንሰን አማት ሆኑ። ወጣቱ ሐኪም ግን በየአገሩ እየዞሩ መረመሩ፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ መሆኑንም ተረዱ። በ1873 ከበሽተኛ እባጭ በተወሰደ ነገር ውስጥ፥ በማጉያ መነጽር፥ እንደ በትር ያሉ ጥቃቅን ተሐዋስያን አዩ። በዚህም ሥጋ ደዌ የዘር እርግማን ሳይሆን እንደ ሌላው ደዌ ያለ ደዌ ወደ መሆኑ የሚያደርስ መንገድ ተከፈተ።

ነገር ግን ብዙ ሐኪሞች አላመኑም። ሀንሰን ተሐዋስያኑን ከሰው ሰውነት ውጭ ማራባት አልቻሉም፤ በእንስሳት ላይ ያደረጉትም ሙከራ አልያዘም። ማስረጃ ፍለጋ በተጨነቁበት ጊዜ፥ በኖቬምበር 1879፥ ዓይናቸው በሆስፒታሉ በምትኖር በአንዲት ሴት ላይ ዐረፈ። እኚህ ሴት በሽታው ቀለል ባለው ዓይነት የያዛቸው ነበሩ። ሐኪሙም ከባዱ ዓይነት ካለበት ከሌላ በሽተኛ የወሰዱትን ነገር በመርፌ ዓይናቸው ላይ ወጉባቸው። ፈቃዳቸውን አልጠየቁም፤ የሚወጉበትንም ምክንያት አልነገሯቸውም።

ሴትዮዋ ግን ዝም አላሉም። ነገሩ ከሆስፒታሉ ቄስ ጆሮ ደረሰ፤ ወደ ፍርድ ቤትም ቀረበ። በ1880 በበርገን በተሰየመው ችሎት ሀንሰን ያደረጉትን አልካዱም። ፍርድ ቤቱም ጥፋተኛ ሆነው ስላገኛቸው ከሆስፒታሉ ሐኪምነት እንዲነሡ ፈረደ። የሥጋ ደዌ የበላይ ሐኪም የመሆን ሹመታቸው ግን አልተነካም። ሴትዮዋም በመርፌው ምክንያት ከባዱ በሽታ አልያዛቸውም።

የሀንሰን በደል ከጥላቻ የመጣ አይመስለንም። ለብዙዎች መዳን ሲደክሙ በፊታቸው ያለችውን አንዲት ነፍስ ሳይጠይቁ አለፉ። ነገር ግን በሽተኛዋ የባለጸጋ ሚስት ብትሆን ኖሮ መርፌው ሳይጠየቅ ይነሣ ነበርን? ድኻ ስለሆነ፥ በሆስፒታልም እንጀራ ስለሚኖር፥ የበሽተኛው ሰውነት የሐኪሙ ንብረት ሊሆን አይገባም።

በ1885 ሀንሰን የደገፉት ሕግ ወጣ። ሕጉም በቤቱ ተለይቶ መኖር ያልቻለውን በሽተኛ ሳይወድ በግድ ወደ ሆስፒታል ለማስገባት ሥልጣን ሰጠ። ዘመኑ እየገፋ ሲሄድ የበሽተኞቹ ቁጥር እጅግ ቀነሰ፤ ብዙ ሰዎች ግን ከትዳራቸውና ከልጆቻቸው ተለዩ። ሀንሰን በ1909 በበርገን የተደረገውን ዓለም አቀፍ የሥጋ ደዌ ጉባኤ መርተው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1912 ዐረፉ። የሚያድነውን መድኃኒት ሳያዩ ሞቱ። በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት የተለያዩ መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠትን መከረ፤ ዛሬ መድኃኒቱን የጀመረ በሽተኛ በቶሎ ለሌላ የማያስተላልፍ ስለሚሆን ከቤተ ሰቡ የሚለይበት ምክንያት የለም።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ ጌታችን ለምጻሙን ሰው በእጁ እንደ ዳሰሰው እናስታውሳለን። ዕውሩን በርጤሜዎስን ደግሞ፥ ዕውርነቱ ለሁሉ የታየ ሲሆን፥ ምን ሊያደርግለት እንደሚወድ አስቀድሞ እንደ ጠየቀው እናስታውስ። ሁሉን የሚያውቀው ጌታ ከጠየቀ፥ ጥቂት የምናውቅ እኛ እንዴት ሳንጠይቅ እናልፋለን? በክሊኒክ የምናገለግል ጫማ የሌለውን ወደ ኋላ ገፍተን ባለ ካፖርቱን አናስቀድም፤ መርፌውን ከማንሣታችን በፊት ምክንያቱን በሚገባው ቋንቋ እንንገረው። በጉባኤ የምንሰበሰብም ጣቶቹ የተቆረጡትን ወንድማችንን ከበሩ አጠገብ አናስቀምጠው፤ ከአንዱ ጽዋ አብሮን ይጠጣልና። የተበደለ ሰው አቤት ሲለንም፥ በዳዩ የምናከብረው ታላቅ ሰው ቢሆን እንኳ፥ ጆሮአችንን አንዝጋ። ለዚህም እግዚአብሔር ልብ ይስጠን። አሜን።