አባ ጁሴፔ ፒያዚና የሴሬስ ስም

(ዓመታቱ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አባ ጁሴፔ ፒያዚ በሰሜን ኢጣልያ ፖንቴ በምትባል መንደር በ1746 ዓ.ም. ተወለዱ። በወጣትነታቸው ቴያቲን ከሚባለው የካቶሊክ ካህናት ማኅበር ገብተው የሒሳብ መምህር ሆኑ። በሲሲልያ ደሴት፣ በፓሌርሞ ከተማ፣ የከዋክብት መመልከቻ እንዲያቋቁሙ ስለ ተመረጡ ወደ ፓሪስና ወደ ሎንዶን ተጉዘው ራምስደን ከተባለው ዝነኛ ባለሙያ አንድ ትልቅ የመለኪያ መሣሪያ አሠሩ። ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት የከዋክብትን ቦታ እየለኩ መመዝገብ ጀመሩ፤ ይህም ትዕግሥት የሚጠይቅ እንጂ ዝና የሚያስገኝ ሥራ አይመስልም ነበር።

በጃንዩወሪ 1 ቀን 1801 ማታ አንዲት ደብዛዛ ኮከብ መዘገቡ። በማግስቱ ቢመለከቱ ከቦታዋ ጥቂት ፈቀቅ ብላ አገኟት፤ ቋሚ ኮከብ ደግሞ እንዲህ አያደርግም። ለጥንቃቄ ጅራታም ኮከብ ናት ብለው አስታወቁ፤ በልባቸው ግን ከዚህ የበለጠ ነገር ጠርጥረው ነበር። እስከ ፌብሩወሪ 11 ቀን ከተከታተሏት በኋላ ሕመም ሥራቸውን አቋረጠው፤ እርስዋም በፀሐይ ብርሃን ተሸፍና ጠፋች። ያን ጊዜ የ24 ዓመት ወጣት የነበረው ጀርመናዊው ጋውስ ከእነዚያ ጥቂት ልኬቶች ተነሥቶ መንገዷን በሒሳብ አወጣ፤ በዓመቱ መጨረሻም እርሱ ካመለከተው ስፍራ አጠገብ ተገኘች።

ስሟ ግን ክርክር አስነሣ። አባ ፒያዚ ሴሬስ ፈርዲናንዴያ ብለዋት ነበር። ሴሬስ የጥንት ሮማውያን የእህል አምላክ፣ የሲሲልያም ጠባቂ ተብላ የምትታሰብ ናት፤ ፈርዲናንድ ደግሞ የአገሩ ንጉሥ ነበሩ። የሌላ አገር ሊቃውንት የንጉሡን ስም ስላልተቀበሉ የእህሏ ስም ብቻ ጸና፤ ይህ ፍርድ እህል አምራች ለሆነው ለፎገራ ልጅ ደስ ያሰኛል። ንጉሡ የወርቅ ሜዳልያ ሊያስቀርጹላቸው ባሰቡ ጊዜም አባ ፒያዚ ገንዘቡ ለመነጽር መግዣ እንዲውል ለመኑ።

በ1826 በናፖሊ ዐረፉ። 1000ኛዋ ትንሽ ፈለክ በስማቸው ፒያዚያ ተብላለች።

ዛሬ ስሙን የሚያቀርበው ያገኘው ሰው ነው፤ የዓለም አቀፍ ሥነ ፈለክ ኅብረት ኮሚቴ መርምሮ ያጸድቃል። ስሙ ከ16 ፊደል አይበልጥም፤ የፖለቲካ ወይም የጦር ሰው ስም ከሆነ ባለስሙ ከሞተ 100 ዓመት ማለፍ አለበት። እንግዲህ ንጉሥ ፈርዲናንድ ዛሬ ቢኖሩም አይፈቀድላቸውም ነበር!

የእኛም ስም ከዚያ አለ። ሲሪል ጃክሰን በጆሃንስበርግ ሆኖ በ1931 ያገኛት 1196ኛዋ ሳባ፣ በ1937 ያገኛት 1432ኛዋ ደግሞ ኢትዮጵያ ትባላለች። ይህች ሁለተኛይቱ በተገኘችበት ዓመት አገራችን በፋሺስት ወረራ ሥር ነበረች።