አፄ ቴዎድሮስ፣ ጋፋትና የነሐሱ ሙቀት

አፄ ቴዎድሮስን የማያውቅ ተማሪ የለም። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስለ ጀግንነታቸው፣ ስለ ቁጣቸውና ስለ መቅደላው አሟሟታቸው ተምረናል። በእኛ ዲፓርትመንት ዓይን ግን ሰውየው ብዙም አልተነገረላቸውም። ስለ ሙቀት ዝውውር ስንማር የሚሰጡን ምሳሌዎች የፍሪጅ ኮንደንሰር፣ የመኪና ራዲያተር፣ የኃይል ማመንጫ ማቀዝቀዣ ናቸው። ሁሉም ከሩቅ የመጡ ናቸው። ከደብረ ታቦር ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለው በጋፋት ኮረብታ ላይ ግን ከ150 ዓመት በፊት አየርና ሙቀት የአንድ ንጉሥ ትልቅ ጭንቀት ነበሩ። ይህ ጽሑፍ የንጉሡን ሕይወት በዚያ በኩል ያያል። እ.ኤ.አ. ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባላሉ። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለሞተ ቤቱ ተቸገረ። ጠላቶቹ በኋላ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ የሚሰድቡት ከዚህ ተነስተው ነው። ለትምህርት የገባበት ገዳም በጦር ሲወረር ልጁ በተአምር አመለጠ። ከዚያ በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት አደገ፤ ክንፉ ሲሞቱ ሸፈተ። እስከዚህ ድረስ ያለው ከሌሎች የዘመነ መሳፍንት ልጆች ታሪክ ብዙም አይለይም።

የሚለየው በ1840 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ካሣ በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ በተባለ ቦታ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። ወኔና ፈረስ ነበረው፤ ግብፆቹ ደግሞ መድፍና በሥርዓት የሠለጠነ ወታደር ነበራቸው። ተሸነፈ። ብዙ ሰው ከእንዲህ ያለ ሽንፈት በኋላ ዕድሉን ይረግማል። ካሣ ግን የተማረው ሌላ ነገር ነው። ያሸነፈው የብረቱ ባለቤት መሆኑን አየና ከዚያ ቀን ጀምሮ መድፍ ከልቡ አልወጣም። በእኔ አስተያየት የቴዎድሮስን ሕይወት ለመረዳት ከደባርቂ የተሻለ መነሻ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት የሄደ ነው። የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አገባ፤ ከአማቱ ጋር ተጣላ፤ በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል አደረገ። ራስ ጉግሣ የመሠረቷት፣ ራስ ዓሊ የተቀመጡባት ደብረ ታቦርም በእጁ ገባች። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን አሸነፈ፤ በሁለተኛው ቀን እዚያው ደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ንጉሡ ለወታደር ደመወዝ መክፈል፣ የባሪያ ንግድን መከልከል፣ የቤተ ክህነትን መሬት መቀነስ ሞክረዋል። ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር፣ ወደ ጎጃምና ወደ መቅደላ የሚወስዱ መንገዶችን ሲያስጀምሩ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ እንደነበር ተጽፏል። ይህ ሁሉ ለታሪክ ክፍል ይቆይ። እኛ ወደ ጋፋት እንሂድ።

በ1848 ዓ.ም. በኢየሩሳሌሙ ጳጳስ በጎባት አማካይነት ከስዊዘርላንድ ቅዱስ ክሪሾና ተቋም የተላኩ ወጣት ሚስዮናውያን መጡ። በኋላም ቫልድማየርና ሳልሙለር ተጨመሩ። እነዚህ ሰዎች ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የእጅ ሙያተኞች ናቸው። ንጉሡ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። ጋፋት ላይ አሰፈሯቸውና መጀመሪያ መንገድና ጠመንጃ ጥገና፣ ቀጥሎ ጋሪ፣ በመጨረሻ መድፍ ጠየቋቸው። አንችልም ማለት አላዋጣም። በመካከላቸው ስለ ብረት ማቅለጥ የሚያውቅ ሞሪትዝ ሀል የሚባል ከሩሲያ ጦር የከዳ የፖላንድ አይሁድ ነበር፤ ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም ነበር። የአገሬው ቀጥቃጮችና የተማሪነት ዕድል ያገኙ ወጣቶችም አብረው ሠሩ። የፈረንጆቹ ስም በመጽሐፍ ሲቀር ወናፍ የነፋው ሰው ስም አልቀረም። ያኔ በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ እየተባለ የሚሸሽበት ዘመን መሆኑን ስናስብ፣ ንጉሥ ራሱ የባለ እጅን ሠፈር ደጋግሞ መጎብኘቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ለምን? እዚህ ላይ ነው የእኛ ትምህርት የሚገባው።

ነሐስ በዋነኛነት የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ ነው። መዳብ ብቻውን የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ አንድ አሥረኛ ያህል ቆርቆሮ ሲገባበት ወደ 1,000 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ይህን ሙቀት ለማግኘት ከሰሉ በቂ አየር ማግኘት አለበት። ለአንድ ኪሎ ካርቦን ሙሉ ቃጠሎ 11.5 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልጋል። በባሕር ጠረፍ ይህ ወደ 9.4 ሜትር ኩብ ይሆናል። ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ የአየሩ ግፊት 73 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፣ ጥግግቱም ከባሕር ጠረፉ በ28 በመቶ ያንሳል። ስለዚህ ያው አንድ ኪሎ ከሰል እዚህ 13 ሜትር ኩብ አየር ይጠይቃል። በአውሮፓ ቆላ እቶን ያየ ሰው እዚያ የለመደውን የወናፍ ብዛት ይዞ እዚህ ቢሞክር እሳቱ ይሰንፍበታል። ያጠረው ብልሃት ሳይሆን አየር ነው።

እስቲ በሴባስቶፖል ላይ ሒሳብ እንሥራ። የመድፉ ክብደት 7 ቶን ገደማ ይባላል። ነሐሱን ከቀዝቃዛ ተነስቶ አቅልጦ ለማፍሰስ በኪሎ 580 ኪሎ ጁል ያህል ብንወስድ በጠቅላላው 4 ጊጋ ጁል ይመጣል። ከሰል በኪሎ 30 ሜጋ ጁል ስለሚሰጥ፣ ሙቀቱ ሁሉ ነሐሱ ውስጥ ቢገባ 135 ኪሎ ይበቃ ነበር። ነገር ግን አብዛኛው ሙቀት በጭስና በግድግዳ ያመልጣል፤ ሰባት በመቶው ብቻ ተጠቅሟል ብንል ሁለት ቶን ከሰል እንፈልጋለን። ለሁለት ቶን ከሰል ደግሞ በደብረ ታቦር ከፍታ 26,000 ሜትር ኩብ አየር። አንድ የፍየል ቆዳ ወናፍ በአንድ ግፊት 20 ሊትር ቢነፋ፣ በደቂቃም 30 ጊዜ ቢጫን፣ 20 ወናፎች ያለማቋረጥ 36 ሰዓት ይነፋሉ ማለት ነው። ይህ የተማሪ ግምት ነው፤ ቁጥሮቹን መቀያየር ይቻላል። እቶኑ በወናፍ ሳይሆን በጭስ ማውጫ ስበት ቢሠራም ቀጭኑ አየር ያው ችግር ሆኖ ይቀጥላል፣ ምክንያቱም ስበቱ ራሱ የሚመጣው ከአየር ጥግግት ልዩነት ነው።

ማቅለጡ ግማሹ ብቻ ነው። ከባዱ ማቀዝቀዙ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን አያስበውም። ቀልጦ የፈሰሰ ነሐስ መጀመሪያ የሚረጋው በሻጋታው ግድግዳ በኩል ነው። ውጪው ደርቆ ውስጡ ገና ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ውስጡ ሲረጋ ይኮማተራል፤ የሚሞላው ተጨማሪ ነሐስ ከላይ ካላገኘ መሀሉ ላይ ባዶ ይቀራል። የመርጊያው ጊዜ የሚያድገው በይዘትና በገጽ ስፋት ምጣኔ ካሬ ነው፣ ማለትም ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። የሸክላ ሻጋታ ደግሞ ሙቀትን በቶሎ አያሳልፍም። ሻጋታው በደንብ ካልደረቀ የቀረው እርጥበት ወደ እንፋሎት ተቀይሮ ነሐሱን ያረፋዋል፣ ሲብስም ያፈነዳዋል። የደብረ ታቦርን ክረምት የሚያውቅ ሰው ሻጋታ ማድረቅ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

የሚገርመው በዚያው ዘመን በአሜሪካ ቶማስ ሮድማን የሚባል መኮንን ከዚሁ ችግር ጋር ይታገል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1844 ፕሪንስተን በተባለች መርከብ ላይ አንድ ትልቅ መድፍ ፈንድቶ የውጭ ጉዳይና የባሕር ኃይል ሚኒስትሮችን ገደለ። ሮድማን ያመጣው ዘዴ መድፉን ከውስጥ ማቀዝቀዝ ነው። በሻጋታው መሀል ቱቦ ተክሎ ውኃ ያለማቋረጥ ያስኬዳል፤ ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይረጋል፤ ውጪው በመጨረሻ ሲኮማተር ውስጡን አጥብቆ ይይዘዋል። በቱቦ ውስጥ በሚሄድ ውኃ ሙቀትን ማውጣት ማለት ይኸው ነው፤ ዛሬ በላቦራቶሪ የምንለካው ነገር ነው። ጋፋት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። የነበረው ትዕግሥትና መደጋገም ነው።

በመጨረሻ ተሳካ። ትናንሽ መድፎች ተሠሩ፣ ቀጥሎ ትላልቆቹ፣ ከሁሉም በኋላ ሴባስቶፖል። ስሙ ከክራይሚያ ጦርነት የተወሰደ ነው። ንጉሡ በጣም ተደስተው ሠሪዎቹን ሸለሙ። ይሁንና በዚያን ጊዜ የደስታው አገር እየጠበበ ነበር። ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞታለች። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ስላላገኘ የእንግሊዝን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። በየአውራጃው ዐመፅ ተነሳ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ። ይህን ደብቆ ስለ ፈጠራ ወዳድነታቸው ብቻ መጻፍ ትክክል አይመስለኝም፤ የጋፋት ነሐስም ሆነ የጎንደር አመድ የአንድ ሰው ሥራ ናቸው።

ንጉሡ በእስረኞቹ ምትክ የፈለጉት ባለሙያና ማሽን ነበር። የእንግሊዝ መንግሥትም ጥቂት ሙያተኞችንና መሣሪያዎችን ቀጥሮ እስከ ምጽዋ ላከ። እስረኞቹ ስላልተፈቱ ሰዎቹ ምጽዋ ላይ ጠብቀው ተመለሱ። ጋፋት ማሽኑን ሳያይ ቀረ።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልን እየጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሱ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ እየሳቡ፣ መንገዱ ከፊት ከፊት እየተቆረጠ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ማለት ይቻላል። እንደ መንገድ ሥራ ብቻ ቢታይ እንኳ ድንቅ ነው።

በዚያው ወራት የናፒየር ጦር 13,000 ገደማ ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ ዙላ ላይ ወርዶ ነበር። ዙላ በረሃ ነው፣ የሚጠጣ ውኃ የለም። ውኃው የመጣው ከመርከቦች ኮንደንሰር ነው። የባሕር ውኃ ይፈላል፤ እንፋሎቱ ከቀዝቃዛ ገጽ ጋር ሲገናኝ በኪሎ 2,257 ኪሎ ጁል ሙቀት ጥሎ ንጹሕ ውኃ ይሆናል፤ ሙቀቱን የባሕሩ ውኃ ይወስደዋል። ቀይ ባሕር ራሱ ሞቃት ስለሆነ የሙቀት ልዩነቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ብዙ ገጽና ብዙ ፍሰት ይጠይቃል። በተጨማሪም ኖርተን የተባለ ሰው ያወጣውን በመዶሻ ወደ መሬት የሚመታ ሹል ጫፍ ያለው የብረት ቱቦ ይዘው መጥተው ነበር። ይህ የቱቦ ጉድጓድ ከዚያ ዘመቻ በኋላ በእንግሊዝ አገር የአቢሲኒያ ጉድጓድ ተባለ። እኛ ዘንድ ማን ያውቀዋል? በነገራችን ላይ፣ በመምጠጥ የሚሠራ ፓምፕ በባሕር ጠረፍ በንድፈ ሐሳብ እስከ 10.3 ሜትር ሲያወጣ በደብረ ታቦር ከፍታ 7.4 ሜትር ላይ ያበቃል። ወናፉን ያደከመው ቀጭን አየር ፓምፑንም ያደክመዋል። ራዲያተር የሚያቀዘቅዝ ፋንም እንዲሁ ነው፤ እዚህ በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ክብደት ከምጽዋው በሩብ ያህል ያንሳል።

የስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በአሮጌ ሜዳ ሁለቱ ወገኖች ተገናኙ። ከንጉሡ ትላልቅ መድፎች አንዱ ሲተኮስ ፈነዳ፤ ባሩዱ በዝቶበት እንደነበር ይነገራል። በሰዓታት ውስጥ ወደ 700 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን አለቁ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ናቸው። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 6፣ ጠላት የመቅደላን በር ሲሰብር ንጉሡ ራሳቸውን አጠፉ። የተጠቀሙበት ሽጉጥ ቀደም ሲል ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸው ነው። ልጃቸው ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ።

የጋፋት ሰዎች ከጦሩ ጋር ወጡ። ቫልድማየር ሊባኖስ ሄዶ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት፣ በኋላም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ሞሪትዝ ሀል ከኢትዮጵያዊት ሚስቱ ጋር ጃፋ ከተመ።

ሴባስቶፖል እዚያው መቅደላ ላይ አለ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምናየው አምሳያው ነው። ትክክለኛው መድፍ ሳይቆረጥና ሳይነካ በአልትራሳውንድ መለኪያ ግድግዳው ውስጥ ባዶ ቦታ አለ ወይስ የለም የሚለውን ማወቅ ይቻላል። ባዶው የት አካባቢ እንደተሰበሰበ ከታወቀ፣ ነሐሱ ከየት ወደ የት እንደረጋና ሻጋታው በየት በኩል ቶሎ እንደቀዘቀዘ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስላት ይቻላል። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ያጣ ተማሪ ካለ፣ መሣሪያው ትንሽ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ የሚያስፈልገው የጉዞ አበልና የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ነው።