ለሰዓታት ሥርዓት የሠራ አባት፦ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ

በድርሰቱ ብዛትና በሃይማኖት ዕውቀቱ ከቅዱስ ያሬድ ቀጥሎ ስሙ የሚነሣ አባት ቢኖር አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ነው። በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ ሕይወቱን ለመተረክ የመረጥነው ግን ስለ ድርሰቱ ብዛት ብቻ አይደለም። ቀኑንና ሌሊቱን ከፋፍሎ በየሰዓቱ ምን እንደሚጸለይ ሥርዓት ሠርቶ ያቆየልን እርሱ ነውና። ይህን የሠራው ደግሞ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ የተመለሰ ሰው ነው።

የተወለደው በ1357 ዓ.ም. ገደማ በወሎ ቦረና፣ ሰግላ በተባለው ስፍራ ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን፣ እናቱ እምነ ጽዮን ይባላሉ። ልጅ አጥተው ብዙ ከተማለሉ በኋላ ያገኙት ልጅ ነበር። አባቱ በንጉሡ ድንኳን ከሚያገለግሉት ካህናት አንዱ ነበረ። በዚያ ዘመን ነገሥታቱ በአንድ ከተማ ጸንተው አይቀመጡም፤ ሰፈሩ ሲነሣ ታቦቱና ካህናቱም አብረው ይነሡ ነበር። እንግዲህ አባ ጊዮርጊስ ከተጓዥ ቤተ ክርስቲያን ቤተሰብ የወጣ ነው፤ እኛ በስደት ያለን ይህን ብናስታውስ ደስ ይላል።

ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ አባቱ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወሰደው። ገዳሙ በ13ኛው ምዕተ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የታወቀ የትምህርት ቤት ሆኖ ነበር። ልጁ ግን ፊደሉም ቃሉም አልያዝልህ አለው። ገድሉ እንደሚናገረው ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ ሁኔታ ኖረ። መምህሩ ተስፋ ቆርጦ ወደ አባቱ መለሰው። ሕዝበ ጽዮንም ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን አልቀበልም፣ ትምህርቱ ባይሆንለት ገዳሙን ያገልግል ብሎ መልሶ ሰደደው።

ከዚያ በኋላ ሥራው እህል መፍጨት ሆነ። ሴት በማይገባበት ገዳም ወፍጮው የወንድ ሥራ ነው፤ በሌላው ዓለም ግን ወንድ ድንጋይ ወፍጮ ላይ መንበርከኩ እንደ ውርደት ይታይ እንደ ነበር አዛውንቶቻችን ያውቁታል። ጊዮርጊስ ለመነኮሳቱ ኅብስት ዱቄቱን ይፈጭ ነበር፤ ከሥራው ሲያርፍም በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ዕውቀት እንድታሰጠው በእንባ ይለምን ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ እመቤታችን ተገልጣለት በቅዱስ ዑራኤል እጅ ጽዋዐ ልቡናን ጠጣ፤ ከዚያም በኋላ የተሰወረበት ምሥጢር ተገለጠለት።

ይህን ታሪክ ስንሰብክ ወደ ጽዋው እንቸኩላለን። በእኔ አስተያየት ግን ዋናው ነገር ከጽዋው በፊት ያለው ጊዜ ነው። ያ ወጣት ጸሎቱን የጀመረው ገብቶት አልነበረም። ፍሬ ሳያይ በየዕለቱ ይፈጭ ነበር፤ መልስ ሳያገኝ በየዕለቱ በሥዕሉ ፊት ይቆም ነበር። ልጆቻቸው ግእዙን ቀርቶ አማርኛውንም እየተንተባተቡ ሲያነቡ አዝነው ከሰንበት ትምህርት ቤት ሊያስቀሩ የሚያስቡ ወላጆች በመካከላችን አሉ፤ ሕዝበ ጽዮን ያደረገውን ይመልከቱ።

የልቡናው ዐይን ከተከፈተ በኋላ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ መጽሐፈ ሰዓታት ነው። ከእርሱ በፊት ከግብጽ ቤተ ክርስቲያን የተወረሰ የሰዓታት መጽሐፍ ነበረ። እርሱ ግን መዝሙሩን፣ ከብሉይና ከሐዲስ የሚነበበውን፣ የራሱንም ምስጋናና ልመና አስተባብሮ ለቀንና ለሌሊት አዘጋጀው። ዛሬ በየአጥቢያው ይበልጥ የሚታወቀው የሌሊቱ ክፍል ነው። አርጋኖን የተባለው የእመቤታችን ምስጋናም እንደ ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው። ድርሰቶቹን ያስተዋለ ሰው ደራሲው ጊዜን ባዶ ሊተው እንደማይወድ ይረዳል፤ ለእያንዳንዱ ዕለትና ሰዓት ድርሻውን ይሰጠዋል።

እዚህ ኦስሎ ሰዓቱን መጠበቅ አስቸጋሪ ነው የሚሉ አሉ፤ አይፈረድባቸውም። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አልፎ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ብዙም ሳትቆይ ትጠልቃለች። በሰኔ ደግሞ ሠርክ የት እንደሚጀምር ይጠፋል። በምህንድስና ያደረ ሰው ሁሉን በመለኪያ ማየት ይወዳልና እኔም ይህን ስቆጥር አንድ ነገር አስተዋልሁ። በክረምቱ እምብርት የሃውገሩድ ቀን የሚጀምረው በሠለስት ግድም፣ የሚያልቀውም በተሰዓት ግድም ነው። ሠለስት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት፣ ቀትር ጌታችን የተሰቀለበት፣ ተሰዓት ነፍሱን የሰጠበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የጸሎት ሰዓታት በፀሐይ ብርሃን ላይ ብቻ የቆሙ አይደሉም፤ የድኅነታችንን ሥራ ተከትለው የተተከሉ ናቸው። በፈረቃ የሚሠራ ምእመን በሆስፒታል ኮሪደር ወይም በምድር ባቡር ውስጥ ሆኖ ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ ቢያማትብ ጌታውን በዚያው ሰዓት ያስባል።

አባ ጊዮርጊስ ጸሎተኛ በመሆኑ ከመከራ አላመለጠም። በዐፄ ዳዊት አደባባይ ቢቱ ከተባለው ሰው ጋር ስለ ሃይማኖት ተከራክሮ ረትቷል። ይሁን እንጂ በኋላ በተነሣበት ክስ ንጉሡ አስሮታል። ከእስሩ ወጥቶም ብዕሩን አላስቀመጠም። በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ በ1416 ዓ.ም.፣ የመናፍቃንን ትምህርት እየነቀፈ የቤተ ክርስቲያንን እምነት የሚያስረዳውን መጽሐፈ ምሥጢርን ፈጸመ። ይህንም ትልቅ መጽሐፍ ቢሆን ለመደርደሪያ አልጻፈውም፤ ክፍሎቹ በየበዓላቱ እንዲነበቡ ተመድበዋል።

መጽሐፉ በተፈጸመ በዓመቱ፣ ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ዐረፈ። መቃብሩም ስሙን በወረሰው በጋሥጫ ነው። ዕለቱ የቅድስት ሥላሴ በዓል በመሆኑ መታሰቢያው ከበዓሉ ጋር አብሮ ይውላል። ያ ቀን በዚህ አገር አቈጣጠር ጁላይ 14 ነው፤ በኦስሎ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ግድም ስለሆነ የሌሊቱ ሰዓታት ሲጀመር ሰማዩ ገና ብርሃን ነው።